ሳይቃጠል በቅጠል፦ የዲዝኒ ፓርኮች ጥገናና የደበዘዘው ምትሃት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



የገለጻውን ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያየ አንድ ባልደረባዬ፣ «ዶክተር፣ የልጆች መጫወቻ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሆነው?» ሲል ጠይቆኝ ነበር። ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ንግግሬን ለእርሱ በምሰጠው መልስ እጀምራለሁ።

የጥገና አስተዳደርን ሳስተምር ብዙ ዓመታት አስቆጥሬአለሁ። በእነዚህ ዓመታት ስለ ድልድይ፣ ስለ ውኃ መስመር፣ ስለ ፋብሪካ ማሽን ምሳሌ ሳቀርብ ኖሬአለሁ። ይሁን እንጂ ጥገና ምን እንደሆነና ሲጓደል ምን እንደሚጠፋ የአሜሪካው የዲዝኒ ኩባንያ ፓርኮች ታሪክን ያህል አጥርቶ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ድልድይ ቀለሙ ቢላላጥ ተሽከርካሪ ማሳለፉን አያቆምም፤ ቧንቧ ቢዝግም ለጊዜው ውኃ ያስተላልፋል። የመዝናኛ ፓርክ ግን የሚሸጠው ብረቱን ወይም እንጨቱን ሳይሆን በሰው ልብ ውስጥ የሚፈጠረውን ስሜት ነው። ቀለሙ ሲላላጥ፣ አምፖሉ ሲጠፋ፣ የተሸጠው ዕቃ ራሱ ጎደለ ማለት ነው። በዚህ ስፍራ ጥገና ከምርቱ ጀርባ የሚቆም አገልግሎት አይደለም፤ ምርቱ ራሱ ነው።

ስለ አንድ ቃል አጠቃቀሜም ላስረዳ። ኩባንያው ለእንግዶቹ የሚሰጠውን ነገር በራሱ ቋንቋ ሲጠራው ወደ አማርኛ ብንመልሰው «አስማት» ሊባል ይችላል። በእኛ ዘንድ ግን አስማት የሚለው ቃል ክታብና ድግምት ያስታውሰናል፤ የሚያስደስት ሳይሆን የሚያስፈራ ነው። ስለዚህ «ምትሃት» የሚለውን መርጫለሁ። ምትሃት ዓይን እያየ የሚታለልበት፣ ተመልካቹም መታለሉን እያወቀ የሚደሰትበት ነገር ነው። ይህ ደስታ ደግሞ በጣም ስስ ነው። አንድ የዛገ ማጠፊያ፣ አንድ ያልበራ መብራት ያፈርሰዋል።

የመጀመሪያው ሐሳብ

ዋልት ዲዝኒ ስለዚህ ፓርክ ማሰብ የጀመረው ሁለት ሴት ልጆቹን በሎስ አንጀለስ ግሪፊት ፓርክ ወደሚገኝ የሚሽከረከር የፈረስ መጫወቻ ይወስድ በነበረበት ጊዜ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ልጆቹ ሲጫወቱ እርሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃቸው ነበር። ወላጅና ልጅ አብረው የሚደሰቱበት ስፍራ ለምን አይኖርም የሚል ሐሳብ የመጣለትም በዚህ ጊዜ ነው። በዘመኑ የነበሩት ብዙዎቹ ተዘዋዋሪ የመጫወቻ ሥፍራዎች በቆሻሻነታቸውና በአጭበርባሪነታቸው የሚታወቁ ነበሩ። እርሱ የፈለገው የእነዚያን ተቃራኒ ነበር።

ዲዝኒላንድ ሐምሌ 17 ቀን 1955 በካሊፎርኒያ፣ አናሃይም በተባለች ከተማ፣ የብርቱካን ተክል በነበረበት 65 ሄክታር ገደማ መሬት ላይ ተከፈተ። የፈጀውም 17 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። የመክፈቻው ቀን ግን የሚያኮራ አልነበረም። በሐሰተኛ የመግቢያ ወረቀት የገባው ሰው ብዛት ከተጠበቀው እጅግ በለጠ። ገና ያልጠነከረው አስፋልት በሙቀቱ ለስልሶ የሴቶችን የጫማ ተረከዝ ዋጠ። የቧንቧ ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ስለ ነበረ ሥራው አላለቀምና ከመጠጥ ውኃና ከመጸዳጃ ቤት አንዱን መምረጥ ግድ ሆነ፤ ዲዝኒም መጸዳጃ ቤቱን መረጠ።

ይህን የምተርከው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ጥንቱ ዘመን ስናወራ ሁሉም ነገር ፍጹም የነበረ እንዳይመስለን ነው። ፓርኩ የተወለደው ጎዶሎ ሆኖ ነው። ልዩ ያደረገው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ዲዝኒ በዋናው መንገድ ላይ ከእሳት አደጋ ጣቢያው በላይ ትንሽ መኖሪያ አዘጋጅቶ በዚያ ያድር ነበር፤ በግቢው ውስጥም እየተዘዋወረ ጉድለቱን በዓይኑ ያይ ነበር። የጽዳት ሥራውን እንዲመራ የተሾመው ቸክ ቦያጂያን የፓርኩን የንጽሕና ደረጃ ያወጣና ያስከበረ ሰው ሆኖ በኩባንያው ታሪክ ይታወሳል። ሠራተኛው «ተዋናይ»፣ ጎብኚው «እንግዳ»፣ ሕዝብ የሚገኝበት ሥፍራ ሁሉ ደግሞ «መድረክ» ተባለ። የመጥረጊያ ሠራተኛው ሳይቀር የትርኢቱ አካል ሆነ። በሩ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ ሌላ ሠራዊት ይገባል፤ መንገዱ ይታጠባል፣ የተላላጠው ይቀባል፣ ሐዲዱ ይመረመራል። ጠዋት የሚመጣው ሕፃን ትናንት በዚያ ሌላ ሰው ያልነበረ እስኪመስለው ድረስ ሁሉም ይታደሳል።

እኔም ይህን ስፍራ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። በ2005 የዶክትሬት ትምህርቴን በካሊፎርኒያ በምከታተልበት ጊዜ በሎስ አንጀለስ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ከነልጆቿ ይዛኝ ሄደች። ፓርኩ 50ኛ ዓመቱን የሚያከብርበት ወቅት ነበር። ልጆቹ «አጎቴ፣ ቶሎ በል» እያሉ እጄን ሲጎትቱ እኔ ደግሞ ቆሜ የጣሪያ ጠርዝ ላይ የተደረደሩትን አምፖሎች እቆጥር ነበር። አንድም የጠፋ አላገኘሁም። ማታ እራት ላይ የአገራችን ሰው የሆነ፣ በዚያው አካባቢ በአንድ ትልቅ የመዝናኛ ስፍራ የሌሊት ጽዳት ይሠራ የነበረ እንግዳ ገጠመኝ። የሥራው ውጤት ጠዋት ማንም ሰው ምንም ነገር ሳያስተውል ማለፉ እንደሆነ በኩራት አጫወተኝ። ይህ የጥገናን ምንነት በአንድ ዐረፍተ ነገር የገለጸ ትምህርት ነው፤ ከመማሪያ መጻሕፍት ሁሉ አብልጬ አስታውሰዋለሁ። ያየኋቸው አምፖሎች ለምን ሁሉም እንደሚበሩ የተረዳሁት ግን ቆይቼ የቀደሙትን አሥር ዓመታት ታሪክ ሳጠና ነው።

ቁጥቁጥ የጀመረበት ጊዜ

ዋልት ዲዝኒ በታኅሣሥ 1966 ዐረፈ። ወንድሙ ሮይ የፍሎሪዳውን ትልቅ ፓርክ በጥቅምት 1971 ከፍቶ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር አረፈ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ተዳከመ፤ በ1984 በአክሲዮን ገበያ በኩል ጠቅልሎ ሊገዛው የሞከረ ባለሀብት እስከ መምጣት ደረሰ። በዚያው ዓመት ማይክል አይስነርና ፍራንክ ዌልስ አመራሩን ተረከቡ፤ ኩባንያውም አበበ። ይሁን እንጂ በሚያዝያ 1992 በፓሪስ አቅራቢያ የተከፈተው ፓርክ ከፍተኛ ዕዳ አስከተለ። በሚያዝያ 1994 ደግሞ ፍራንክ ዌልስ በሄሊኮፕተር አደጋ ሕይወቱ አለፈ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የዲዝኒላንድ አመራር የኩባንያውን የችርቻሮ ሱቆች ይመራ ለነበረው ለፖል ፕረስለር ተሰጠ።

የአመራሩን ሰው ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አላደርገውም። ሰውየው የተሰጠው ተልእኮ ግልጽ ነበር፦ በየሩብ ዓመቱ የተሻለ ቁጥር ማሳየት። ከችርቻሮ ንግድ የመጣ ሰው ደግሞ ወጪን በካሬ ሜትር፣ ገቢን በመደርደሪያ ማየት ልማዱ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ፣ ገና ያልተቃጠለን አምፖል አውልቆ በአዲስ መተካት ብክነት ነው። ገና ያልተበላሸን ጎማ መቀየር ብክነት ነው። ሌሊት ሌሊት ማንም የማያየውን አጥር መቀባትም ብክነት ነው። እያንዳንዱ ቅነሳ ለብቻው ሲታይ አመክንዮ አለው፤ አደጋው ድምሩ ላይ ነው።

የዘመኑን አስተሳሰብ በአንድ የምሕንድስና ምሳሌ ላሳያችሁ። በ1967 የተከፈተና በፓርኩ ላይ ከፍ ብሎ በቀስታ የሚያልፍ የሕዝብ ማመላለሻ ነበር። በ1995 ተዘጋ። በ1998 በዚያው መንገድ ላይ «ሮኬት ሮድስ» የተባለ ፈጣን ተሽከርካሪ ተተከለ። የቀድሞው መንገድ የተሠራው ለዝግታ ስለሆነ ኩርባዎቹ ለፍጥነት የሚያስፈልገው ወደ ውስጥ ያጋደለ ዝንባሌ አልነበራቸውም፤ እነርሱን እንደገና ለመሥራትም ወጪ አልተመደበም። ስለዚህ ተሽከርካሪው በቀጥታው መንገድ ይፈተለካል፣ ኩርባ ሲደርስ ፍሬን ይይዛል፣ እንደገና ይፈተለካል። ይህ መፈራረቅ ጎማውንም ፍሬኑንም መንገዱንም ጎዳ። በ2000 ሥራውን አቆመ፤ ዳግመኛም አልተከፈተም። ፈጣኑ ብቻ ሳይሆን ቀሰስተኛውም አብሮ ጠፋ፤ መንገዱም ባዶውን ቀረ። በዚያው 1998 የባሕር ሰርጓጅ ጀልባዎቹ ጉዞም ተዘጋ፤ ጀልባዎቹ ዳግመኛ እንግዳ የጫኑት በ2007 ነው።

ሁለት ሞቶች

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ቀለምና ስለ አምፖል ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ስለ ሰው ሕይወት ነው።

በታኅሣሥ 24 ቀን 1998፣ በፈረንጆች የገና ዋዜማ፣ ኮሎምቢያ የተባለችው መርከብ ወደ ማቆሚያዋ ስትቀርብ ገና ሳትቆም ገመዷ ታሰረ። ገመዱ ተወጥሮ በመርከቧ ላይ የተጠመደውን የብረት ማሰሪያ ነቅሎ ወረወረው። ብረቱ በተራ ቆመው የነበሩ እንግዶችንና ራሷን ሠራተኛዋን መታ፤ አንድ ጎብኚም ሕይወቱ አለፈ። ገመዱን ያሰረችው ሠራተኛ የክፍሉ ረዳት ኃላፊ ስትሆን ለዚያ ሥራ በቂ ሥልጠና አልነበራትም። እስከዚያ ድረስ በካሊፎርኒያ ቋሚ የመዝናኛ ፓርኮችን የሚቆጣጠር የክልሉ መንግሥት ሥርዐት አልነበረም፤ ሕጉ የወጣው በተከታዩ ዓመት በ1999 ነው። እኛ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንላለን።

በመስከረም 5 ቀን 2003 ደግሞ «ቢግ ተንደር» የተባለው የተራራ ባቡር በዋሻ ውስጥ ሳለ ከሐዲዱ ወጣ። አንድ የ22 ዓመት ወጣት ሞተ፤ ሌሎች አሥር ሰዎች ተጎዱ። የክልሉ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት መርምሮ ያወጣው ዘገባ ምክንያቱን በግልጽ አስቀመጠ። በግንባር ባለው ሎኮሞቲቭ ላይ የአንድ መሪ ጎማ መያዣ ብሎኖች በጥገና ጊዜ በሚገባ አልጠበቁም ነበር። ከዚህም በላይ የባቡሩ አንቀሳቃሾች ከአደጋው በፊት ያልተለመደ ድምፅ ሰምተው ነበር፤ ባቡሩ ግን አልቆመም።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼን ጥንቃቄ እጠይቃለሁ። የበጀት ቅነሳው እነዚህን ሰዎች ገደለ ብሎ በቀጥታ መደምደም ሳይንሳዊ አይደለም። ብሎን በሀብታም መሥሪያ ቤትም ሳይጠብቅ ሊቀር ይችላል። የሚባለው ይህ ነው፦ በደንብ በተደራጀ የጥገና ሥርዐት ውስጥ የአንድ ሰው ስሕተት በሁለተኛው ሰው ዓይን ይያዛል፣ በሁለተኛው ካልተያዘ በሦስተኛው ጆሮ ይሰማል። ድምፁን የሰማው ሠራተኛም «አቁሙ» ለማለት አይፈራም። የሰው ቁጥር ሲሳሳ፣ ልምድ ያለው ባለሙያ ሲሄድ፣ የቀረው ሠራተኛ ማቆም ያስወቅሰኛል ብሎ ሲያስብ፣ እነዚህ መረቦች አንድ በአንድ ይቀደዳሉ። ያን ጊዜ አደጋው በዕድል ላይ የቆመ ይሆናል።

መመለስ ይቻላል፤ ዋጋው ግን ከፍተኛ ነው

በ2003 መጨረሻ ማት ዊሜት የተባለ ሌላ ኃላፊ ዲዝኒላንድን እንዲመራ ተሾመ። ለ2005ቱ የ50ኛ ዓመት በዓል ዝግጅት ሲባል ፓርኩ ከዳር እስከ ዳር ታደሰ፤ ለሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ የነበረው «ስፔስ ማውንቴን» ሐዲዱ ሙሉ በሙሉ ተቀይሮ በሐምሌ 2005 ተከፈተ። እንግዲህ እኔ የቆጠርኳቸው አምፖሎች የዚህ ሥራ ውጤት ነበሩ። የአሥር ዓመት ዕዳ እየተከፈለ ሳለ የደረስኩ እንግዳ ነበርኩ ማለት ነው።

ተመሳሳይ ትምህርት ከጎኑ ካለው ፓርክም ይገኛል። በየካቲት 2001 የተከፈተው ሁለተኛው የካሊፎርኒያ ፓርክ በቁጠባ የተሠራ ስለ ነበረ እንግዳው አልተቀበለውም። ኩባንያው ከ2007 እስከ 2012 ባለው ጊዜ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አፍስሶ እንደ አዲስ ሠራው። በግንባታ ጊዜ የተቆጠበው ገንዘብ ከነወለዱ ተከፈለ።

አዲሱ መልክ

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ መልካም ነበር፤ አላለቀም። በሚያዝያ 2006 በፍሎሪዳው «አኒማል ኪንግደም» የኤቨረስት ተራራን የሚመስል፣ ቁመቱ 60 ሜትር ገደማ የሆነ የባቡር ጉዞ ተከፈተ። በጉዞው ፍጻሜ ላይ ከሰባት ሜትር የሚበልጥ ግዙፍ የበረዶ አውሬ ወደ ተሳፋሪው እየተወረወረ ያስደነግጥ ነበር። አውሬው የተንቀሳቀሰው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ከ15 ዓመት በላይ እንደ ቆመ ሆኖ፣ የሚንቀሳቀስ እንዲመስል ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ይበራበታል። የፓርኩ ወዳጆችም «የዳንስ ቤቱ አውሬ» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። ለመጠገን ቢፈለግ ተራራው ራሱ ሊከፈት ግድ ይላል። እዚህ ላይ ለምሕንድስና ተማሪዎቻችን ትልቅ ትምህርት አለ፦ ጥገና የሚጀምረው ንድፍ በሚሣልበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ጠጋኙ እጁን የሚያስገባበት ቀዳዳ ያላሰበ ነዳፊ፣ ሥራው ከመጠናቀቁ በፊት ፍርስራሹን ነድፏል።

ሌላው ለውጥ በብረት ላይ ሳይሆን በሰው ላይ የደረሰ ነው። ከ1999 ጀምሮ እንግዳ በነጻ ተራ የሚይዝበት ሥርዐት ነበር፤ ሀብታሙም ድሃውም እኩል ይጠቀምበት ነበር። ይህ በ2020 ወረርሽኝ ጊዜ ቆመ። በ2021 የተመለሰው በክፍያ ነው፤ በፍሎሪዳ ለአንድ ሰው በቀን 15 ዶላር፣ በካሊፎርኒያ 20 ዶላር ሆኖ ጀመረ፤ በጣም ለሚፈለጉት ጨዋታዎች ደግሞ ለብቻ ይከፈላል። ከአውሮፕላን ማረፊያ እንግዳ ያለ ክፍያ ያመጣ የነበረው አውቶቡስ በጥር 2022 ቀረ። በ1955 አንድ ዶላር የነበረው የዲዝኒላንድ መግቢያ፣ ጨዋታዎቹ በዚያን ጊዜ ለየብቻ ይከፈልባቸው የነበረ መሆኑ ሳይዘነጋ፣ ዛሬ ሕዝብ በሚበዛባቸው ቀናት ከ200 ዶላር በላይ ነው። በ2020 መስከረም ኩባንያው ከፓርኮቹና ከተያያዥ ሥራዎቹ 28,000 ሠራተኞችን እንደሚቀንስ አስታወቀ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ፓርኮቹ ስለከሰሩ አይደለም። በ2024 የበጀት ዓመት ከኩባንያው የሥራ ትርፍ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሆነውን ያስገኘው ፓርኮቹና መርከቦቹ የሚገኙበት ዘርፍ ነው። ሌሎቹ ዘርፎች ሲዳከሙ ላሟ ይበልጥ ትታለባለች፤ ገለባዋ ግን በዚያው ልክ አልጨመረም።

ለሚዛናዊነት ሁለተኛውን ወገንም ላሰማ። ኩባንያው በመስከረም 2023 በአሥር ዓመታት ውስጥ ለዚህ ዘርፍ 60 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያወጣ አስታውቋል። ይህ ታላቅ ገንዘብ ነው። ጥያቄዬ ከዚህ ውስጥ ለመቁረጫ ሪባን የሚሆነው ስንቱ፣ ለብሎን የሚሆነው ስንቱ ነው የሚል ነው። አዲስ ነገር በራሱ ዋስትና አይደለም፤ በመጋቢት 2022 በፍሎሪዳ የተከፈተው፣ የሁለት ሌሊት ቆይታው ለሁለት ሰው ከ4,800 ዶላር ገደማ የሚጀምረው የጠፈር መርከብ ሆቴል ሁለት ዓመት ሳይሞላው በመስከረም 2023 ተዘግቷል።

ሌላም ተቃውሞ ይቀርባል፦ «እያንዳንዱ ትውልድ የልጅነቱ ዘመን ይሻል ነበር ይላል፤ ይህ ትዝታ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም።» ተቃውሞው ክብደት አለው። ትዝታ የድሮውን ቀለም ሊያደምቀው ይችላል፤ ያልጠበቀን ብሎን ግን ትዝታ አላላውም። የቆመውን አውሬም ትዝታ አላቆመውም። እርጅናም ቢሆን ሰበብ አይሆንም። በኮፐንሃገን የሚገኘው፣ ዋልት ዲዝኒም ጎብኝቶት የነበረው የቲቮሊ መናፈሻ የተከፈተው በ1843 ነው። በዚያ ያለው የእንጨት ተራራ ባቡር ከ1914 ጀምሮ ይሠራል፤ ዛሬም ፍሬኑን የሚይዝ ሰው በባቡሩ ላይ አብሮ ይሳፈራል።

ጥገና ለምን ይሸነፋል?

ከዚህ ታሪክ ሦስት ምክንያቶችን አወጣለሁ። አንደኛ፣ የጥገና ውጤት አለመሆን ነው። ያልደረሰ አደጋ፣ ያልጠፋ መብራት በሪፖርት ሠንጠረዥ ውስጥ ረድፍ የለውም፤ የወጣው ገንዘብ ግን አለው። ሁለተኛ፣ ወጪው ዛሬ፣ ጥቅሙ ነገ ነው። ሥራ አስኪያጅ ጥገናን ቀንሶ በሦስት ዓመት ውስጥ ተመስግኖ ወደ ላቀ ወንበር ይሄዳል፤ ዕዳው የሚደርሰው ለተተኪው ነው። ሦስተኛ፣ ጥገናን የሚሠራው ሰው አይታይም። ሌሊት የሚሠራ፣ በስብሰባ ላይ የማይቀመጥ፣ ደብዳቤው በመዝገብ ቤት የሚያድር ሰው ነው።

ሦስተኛውን ምክንያት የማውቀው ከንባብ ብቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት፣ በሌላ ተቋም የትምህርት ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። በቤተ ሙከራችን የብረትና የኮንክሪት ጥንካሬ የሚፈተሽበት አንድ ትልቅ መሣሪያ ነበረን። በአንድ የበጀት ዓመት ገንዘቡ ወይ ለዚህ መሣሪያ ጥገናና ልኬት ማስተካከያ፣ ወይ ለአዳዲስ ኮምፒውተሮች ብቻ የሚበቃ ሆነ። ኮምፒውተሮቹን መረጥኩ። ተመረቁ፣ ፎቶግራፍ ተነሣን፣ ተጨበጨበልኝ። ሁላችን ጋሼ የምንለው አንጋፋ የቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ዘይት እንደሚያንጠባጥብ ገልጸው ሦስት ደብዳቤ ጻፉልኝ። ለሁለቱ «በሚቀጥለው ዓመት ይታያል» ብዬ መለስኩ። ለሦስተኛው አልመለስኩም። መሣሪያው ቆመ። ጠጋኝ ከውጭ እስኪመጣ ድረስ ሁለት ዙር ተማሪዎች አንዲት የብረት ዘንግ ተስባ ስትበጠስ በዓይናቸው ሳያዩ ተመረቁ። ከእነርሱ መካከል ዛሬ የሕንፃ ፕላን ላይ የሚፈርሙ አሉ። ጋሼ ጡረታ ሲወጡ የክፍሉን ቁልፍ አስረከቡኝ እንጂ ስለ ደብዳቤዎቹ አንድም ቃል አልተናገሩም። ዝምታቸው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

እንግዲህ አንድ የንግድ ሰው ለምን የሌሊት ቀለም ቀቢዎችን ቀነሰ ብዬ ለመፍረድ ብቁ ዳኛ አይደለሁም። ያው ሚዛን በእጄ ሲገባ እኔም ያንኑ አደረግሁ። ለዚህ ነው ችግሩ የሰው ክፋት ሳይሆን የሚዛኑ አሠራር ነው የምለው።

ማጠቃለያ

ውድ ተማሪዎቼ፣ ነገ እናንተ በጀት ትፈርማላችሁ። አራት ነገር አደራ እላችኋለሁ። የጥገና በጀትን ከሌላው ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ለሌላ ዓላማ ሲዛወር የሚያስጠይቅ ይሁን። የዘገየውን ጥገና እንደ ዕዳ መዝግቡት፤ ሥልጣን ስታስረክቡም አብሮ ይነበብ። ያልተለመደ ድምፅ የሰማ ሠራተኛ ሥራ እንዲያቆም መብት ስጡት፤ ምንም ችግር ሳይገኝ ቢቀርም አመስግኑት። በመጨረሻም ከቢሮ ወጥታችሁ ዙሩ፤ የሠንጠረዡን ቁጥር ከማመናችሁ በፊት አምፖሉን ቁጠሩ።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እሳቱ ትንሽ ሳለ ቅጠል እንደሚበቃው ስለሚያውቁ ነው። ዲዝኒላንድ በ1990ዎቹ ቅጠሉን ቆጥቦ በኋላ የከፈለውን ዋጋ ሰምታችኋል። ገንዘቡ ተመልሷል፣ ቀለሙም ተቀብቷል። በገና ዋዜማ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ፓርኩ የሄደው ሰውና ያ የ22 ዓመት ወጣት ግን አልተመለሱም።

በእኛ ቤተ ሙከራዎችም ዛሬ ማታ በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ከመካከላቸው አንዱን ብታገኙ ምን ጎደለዎት ብላችሁ ጠይቁ፤ ደብዳቤ ከሰጧችሁም መልስ ስጡ።